በእጅ የሚሠራ ቀላል መኪና

የንባቡ ዓላማ፦ አንባቢው ይህን ጽሑፍ ሲጨርስ፣ አንድ ቤተሰብ በትንሽ ወርክሾፕ መኪና እንዴት ሊሠራ እንደቻለ፣ የክብደት መቀነስ ምን እንደሚጠቅም፣ እንዲሁም ትንሽ የእጅ ሥራ በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚናጋ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይችላል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

መኪና ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ሰፊ ፋብሪካ፣ እልፍ ሠራተኛና የማይቆም ማሽን ነው። አብዛኛው የዓለም መኪና በርግጥ የሚሠራው እንዲያ ነው። ነገር ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ በመጋዝ፣ በመዶሻና በሰው እጅ መኪና ሲሠራ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ወርክሾፕም አለ። ያውም የሚሠራው የእሽቅድምድም ዓይነት መኪና ነው። ቀላል፣ ዝቅ ያለና ፈጣን።

በሐዋሳ ከተማ፣ በጉዱማሌ አካባቢ የማታ ንባብ የምናስተምር እኛ ተማሪ ዘማቾች ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ የሚከበርበት አደባባይ ነው። በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በዚያ ቀን ጉዱማሌን የሚያየው እንግዳ በዓሉን ነው። በአዘቦቱ ቀን ግን እኛን የሚያጋጥሙን በያጁ፣ አናጺው፣ ባትላሜራው፣ ጋሪ ሠሪውና ባጃጅ ነጂው ናቸው። የማታ ተማሪዎቻችንም እነሱው ናቸው። አንድ ምሽት ከመካከላቸው አንዱ፣ «በዚሁ ከተማ በ2016 ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቷል። ታዲያ እኛ በአንድ ብየዳና በሁለት መዶሻ እስከ የት ልንደርስ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንይ።

2. ቤተሰቡና የመጀመሪያው ባለ ሦስት ጎማ

በእንግሊዝ አገር፣ በኮረብታ ሥር የተቆረቆረች ማልቨርን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ሄንሪ ፍሬድሪክ ስታንሊ ሞርጋን የሚባል ሰው ነበር። የተወለደው በ1881 ሲሆን አባቱ ቄስ ነበሩ። ልጁ የአባቱን መንገድ አልተከተለም፤ ስዊንደን በምትባል ከተማ በሚገኘው የባቡር ወርክሾፕ ገብቶ የብረት ሥራ ተማረ። ኋላም ማልቨርን ሊንክ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ከፈተ።

በ1909 ሞርጋን ለራሱ መንጃ የምትሆን አንዲት ቀላል ተሽከርካሪ ሠራ። ጎማዋ ሦስት ነበር፤ ሁለቱ በፊት አንዱ በኋላ። ሞተሯን ከፔዦ ገዝቶ አመጣ፤ ሲሊንደሯ ሁለት ብቻ ነበር። በቂ የብረት መሥሪያ መሣሪያ ስላልነበረው በከተማው ትምህርት ቤት የምህንድስና መምህር የነበሩ ሰው በወርክሾፓቸው እንዲሠራ ረዱት። ለሽያጭ ብሎ የሠራት አልነበረም። ነገር ግን ያየ ሁሉ ወደዳት።

አባትየው ገንዘብ አበደሩትና በ1910 ለንደን በሚገኘው የኦሊምፒያ አዳራሽ ተሽከርካሪዋን ለሕዝብ አሳየ። ሰው አደነቀ፤ የገዛው ግን ጥቂት ነው። ለምን? መቀመጫዋ አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ሰው ብቻውን መሄድ አይወድማ! ሞርጋንም ይህን ተረድቶ ለሁለት ሰው የምትሆነውን ሠራ፤ ትእዛዙም ጎረፈ። በ1912 ሥራው በኩባንያ ስም ተመዘገበ። አባትየው ቄስ ሊቀ መንበር፣ ልጁ ሥራ መሪ ሆኑ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሞርጋን ሥራውን የጀመረው በትልቅ ካፒታል አልነበረም። አንድ ናሙና ሠራ፤ ነድቶ ሞከረው፤ ለሰው አሳየ፤ ገዢው ምን እንደጎደለው ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብዛት የሄደው።

3. ክብደት መቀነስ ምን ይጠቅማል?

«ቀላል» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የማይቸግር ማለት ነው። ሁለተኛው የማይከብድ ማለት ነው። በዚህ ንባብ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

የሞተር ኃይል የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ሸክም በአንድ ሰኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ነው። 75 ኪሎ ማለት የአንድ ኩንታል ሦስት አራተኛ መሆኑን ልብ እንበል።

አሁን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምንሠራው ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ መኪና 1600 ኪሎ ይመዝናል፤ ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት አለው። 1600 ለ100 ሲካፈል 16 ይሆናል። እያንዳንዱ ፈረስ 16 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው።

ሌላ መኪና 800 ኪሎ ይመዝናል፤ ሞተሩ ያው 100 የፈረስ ጉልበት ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ፈረስ የሚጎትተው 8 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው መኪና ከቆመበት ሲነሣ በጣም ይፈጥናል።

ሦስተኛው መኪና ደግሞ 800 ኪሎ ሆኖ ሞተሩ 50 የፈረስ ጉልበት ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ፈረስ 16 ኪሎ ይደርሰዋል። ከመጀመሪያው መኪና እኩል ሆነ! በግማሽ ሞተር፣ በአነስተኛ ነዳጅ፣ ያንኑ የሚመስል ፍጥነት አገኘን ማለት ነው።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ቀላል መኪናን ለማቆም ፍሬኑ አይደክምም፤ ጎማው ቶሎ አያልቅም፤ በመታጠፊያ ላይ ከመንገድ የሚያስወጣው ኃይልም ያንሳል። ደግሞም አንዱ ቅነሳ ሌላውን ይጠራል። አካሉ ሲቀል ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፤ ሞተሩ ሲያንስ የሚሸከመው ሻንሲ ቀጭን ይሆናል፤ ሻንሲው ሲቀጥን ባሌስትራውና ፍሬኑም ያንሳሉ።

ይህ ሕግ ለመኪና ብቻ አይደለም፤ ለጋሪም ይሠራል። አንድ ጋሪ ያለ ጥቅም 50 ኪሎ ብረት ቢጨመርበት፣ ፈረሱ ያንን 50 ኪሎ ሲጫንም ባዶውንም ሲሄድ፣ ከጧት እስከ ማታ ይጎትታል። ያ ብረት አንድ ሳንቲም አያስገባም። የፈረሱን ዕድሜ ግን ይበላል።

4. ሦስት ጎማ፦ ሞርጋንና ባጃጅ

የሐዋሳ ሰው ስለ ሦስት ጎማ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ባጃጅ በየመንገዱ አለና። ባጃጅ በመሠረቱ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ አገር ግን የተሽከርካሪው ስም ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ በሞርጋንና በባጃጅ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የሞርጋን ሁለት ጎማ በፊት ነው፤ የባጃጅ ሁለት ጎማ በኋላ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያመጣል? ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወስደን ከላይ በእጃችን ብንገፋው፣ በእግሮቹ አቅጣጫ ስንገፋው ይቆማል፤ በሁለት እግሮች መካከል ባለው ባዶ በኩል ስንገፋው ግን ይገለበጣል። ተሽከርካሪም እንዲሁ ነው። ፍሬን ስንይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ስንታጠፍ ወደ ውጭ ይሄዳል። እየታጠፍን ፍሬን ብንይዝ ወደ ፊትና ወደ ውጭ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በሞርጋን ላይ በዚያ ማእዘን ጎማ አለ፤ ይሸከመዋል። በባጃጅ ላይ ግን በዚያ ማእዘን ምንም የለም፤ ባዶ ነው። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ባጃጅ ነጂ ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ይዞ ይሂድ። አንደኛ፣ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው እንጂ በመታጠፊያው ውስጥ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከባድ ዕቃ ከላይ አይጫንም፤ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ ከልክ በላይ ሰው አይጫንም። ይኼ የትራፊክ ፖሊስ ስለፈራን አይደለም፤ ሕይወት ስለሆነ ነው።

ሞርጋን ሦስት ጎማ የመረጠበት ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ይኸውም ግብር ነው። በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር የመኪና ግብር በፈረስ ጉልበት ይቆጠር ነበር። ክብደቱ ከ400 ኪሎ ገደማ የማይበልጥ ባለ ሦስት ጎማ ግን እንደ ሞተር ብስክሌት ተቆጥሮ በዓመት 4 ፓውንድ ብቻ ይከፍላል። በመሆኑም ብዙ ገቢ የሌለው ሰው ሞርጋንን መረጠ።

ዳሩ ግን በሕግ ላይ የቆመ ጥቅም ሕጉ ሲለወጥ ይሄዳል። በ1922 ኦስቲን ሰቨን የሚባል ርካሽ ባለ አራት ጎማ መኪና መጣ። በ1930ዎቹም የመኪና ግብር ቀነሰ። የሦስት ጎማ ገዢ ተመናመነ። ሞርጋን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1936 የመጀመሪያውን ባለ አራት ጎማ መኪና ለገበያ አቀረበ። ስሙም «አራት-አራት» ነው፤ አራት ጎማ፣ አራት ሲሊንደር ማለት ነው።

5. እንጨት፣ ላሜራና እጅ

የሞርጋን ወርክሾፕ በማልቨርን ፒከርስሌይ በሚባለው መንገድ ላይ በረድፍ የተሠሩ የጡብ ቤቶች ናቸው። መሬቱ ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ፣ ሠራተኞቹ የተጀመረውን መኪና ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በእጃቸው እየገፉ ሲወስዱት ኖረዋል። አንዱ ቤት ሻንሲ የሚገጠምበት ነው። ሁለተኛው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ሌላው የላሜራ ቤት፣ ከዚያ የቀለም ቤት፣ ከዚያም መቀመጫ የሚሰፋበት ቤት ነው።

ብዙ ሰው ሞርጋን ሻንሲው የእንጨት ነው ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሻንሲው ለብዙ ዘመን የብረት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የአሉሚኒየም ነው። የእንጨት የሆነው ላሜራውን ደግፎ የሚይዘው የአካሉ አጽም ነው።

እንጨቱ አሽ ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ይገኛል። አሽ የወይራ ዘመድ ነው፤ የእጽዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። እኛ ወይራን ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ እንደምንፈልገው፣ እነሱም አሽን ለመጥረቢያ እጀታና ለሠረገላ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ጠንካራ ሆኖ የሚለምጥ፣ ሲመታም ንዝረቱን የሚውጥ እንጨት ነው።

ከጎማው በላይ ያለውን ጎባጣ ክፍል እንዴት እንደሚሠሩት እንመልከት። ወፍራም እንጨት በግድ ቢያጎብጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሦስት ስስ የአሽ ጣውላ ይወስዳሉ፤ ኮላ ይቀቧቸዋል፤ አነባብረው በቅርጽ መያዣው ውስጥ ያስገቡና አጥብቀው ያስሯቸዋል። ኮላው ሲደርቅ ሦስቱ ጣውላ አንድ ይሆናል፤ ቅርጹንም አይለቅም። ይህን ሥራ ማንኛውም የጉዱማሌ አናጺ ሊሞክረው ይችላል። የሚያስፈልገው ስስ ጣውላ፣ ጥሩ ኮላና ሞርሳ ነው።

አንድ ነገር ግን ሞርጋን በእጁ አልሠራም፤ ሞተር! ሞተር ለመሥራት ማቅለጫ፣ ልዩ ማሽንና እጅግ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሞተርን ከሌላ ሲገዛ ኖረ። ባለፉት ዘመናት ከጃፕ፣ ከማችለስ፣ ከፎርድ፣ ከትራያምፍ፣ ከሮቨር፣ ኋላም ከቢኤምደብሊው ገዝቷል። ራሱ የሚችለውን ራሱ ሠራ፤ የማይችለውን ከሚችል ገዛ።

6. ፈተናዎቹ

የትንሽ ወርክሾፕ ኑሮ የሠርግ ቤት አይደለም። ሞርጋንም ብዙ ጊዜ ተፈትኗል።

በ1959 መሥራቹ ሲሞት ልጁ ፒተር ሥራውን ተረከበ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ምርት ወደ አሜሪካ ይላክ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወርክሾፑ ተናጋ። በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ ገዢው ሲያስነጥስ እሱ ይታመማል።

ዘመኑም ተለውጦ ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች አዲስ ቅርጽ ያላቸው መኪናዎች አወጡ። ሞርጋንም ከዘመኑ ጋር ለመሄድ ብሎ በ1963 አካሉ ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ጣሪያው የተዘጋ አንድ መኪና ሠራ፤ ስሙ ፕላስ ፎር ፕላስ ነው። የድሮ ደንበኞቹ «ይኼማ ሞርጋን አይደለም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አዲስ ደንበኛም አልመጣም። ሥራው እስከ ቆመበት እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት 26 ብቻ ናቸው። ቤተሰቡ ግን የድሮውን መኪና መሥራት ስላልተወ በዚህ ምክንያት አልወደቀም።

በ1962 በፈረንሳይ አገር ለማን በሚባለው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ላይ አንድ ሞርጋን በሁለት ሊትር ሞተር ክፍል አንደኛ ወጣ። ትንሹ ወርክሾፕ በዓለም ስሙ ተጠራ። በ1968 ደግሞ የሮቨርን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በዚያው ቀላል አካል ላይ ገጠሙና ፕላስ ኤይት የሚባለው መኪና ተወለደ። ትልቅ ሞተር በቀላል አካል ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በክፍል 3 ካሠራነው ሒሳብ አንባቢ ራሱ ይገምት። ይህ መኪና እስከ 2004 ተሠራ። የቆመውም የሞተሩ አቅርቦት ስላበቃ ነው። ሞተር ከሌላ መግዛት ጥቅም እንዳለው ሁሉ፣ ይህን የመሰለ ዕዳም አለው።

በ1990 አንድ አስተማሪ ነገር ተፈጸመ። ሰር ጆን ሃርቪ ጆንስ የሚባሉ፣ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ሲመሩ የኖሩ ሰው፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አማካይነት ሞርጋንን ጎበኙ። በዚያን ጊዜ ወርክሾፑ በሳምንት አሥር ያህል መኪና ብቻ ይሠራ ነበር፤ ያዘዘ ሰው ደግሞ ለዓመታት ይጠብቃል። ሰውዬው ምርቱን አሳድጉ፣ ዋጋውን ጨምሩ፣ አሠራራችሁን አዘምኑ ብለው መከሩ። ቤተሰቡ ምክሩን በጠቅላላው አልተቀበለም። ወረፋው ራሱ ዋስትናችን ነው፤ ዛሬ በጥድፊያ ብናሳድገው ነገ ገዢ ሲጠፋ ሠራተኛውን ልናባርር ነው የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

ማን ትክክል ነበር? ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ወርክሾፑ ሳይዘጋ ቀጥሏል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ፈጽሞ አልተሳሳተም። ሆኖም በኋለኞቹ ዓመታት ራሳቸው አሠራራቸውን አሻሽለዋል፤ በ2000 በኮላ የተጣበቀ የአሉሚኒየም ሻንሲ ያለው ኤሮ ኤይት የሚባል መኪና አውጥተዋል። ስለዚህ መካሪውም ከንቱ አልተናገሩም።

በመጨረሻ፣ በ2019፣ ከ110 ዓመት በኋላ፣ አብዛኛው የኩባንያው ድርሻ ኢንቨስትኢንደስትሪያል ለሚባል የጣሊያን ባለሀብቶች ድርጅት ተሸጠ። ቤተሰቡ አነስተኛ ድርሻ ብቻ ያዘ። የድሮው የብረት ሻንሲም በ2020 አበቃ። የእንጨቱ አጽም ግን አሁንም በአናጺ እጅ ይሠራል።

7. ሦስት ማእዘን የሚሠራው ሥራ

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ኮሊን ቻፕማን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1952 ሎተስ የሚባለውን ኩባንያ ሲጀምር መነሻው እጮኛው ያበደረችው 25 ፓውንድ ነበር። የሥራ ቦታውም ከአባቱ ሆቴል ጀርባ ያለ የድሮ የፈረስ ጋጣ ነው። በ1957 ሎተስ ሰቨን የሚባል መኪና አወጣ። ሻንሲው ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ተበይዶ የተሠራ ሲሆን ክብደቱ ወደ 500 ኪሎ ገደማ ነበር።

ቀጭን ቱቦ እንዴት መኪና ይሸከማል? ምሥጢሩ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ቱቦነቱ ነው። ክብደታቸው እኩል የሆነ አንድ ድፍን ብረትና አንድ ቱቦ ቢሰጠን፣ ሲጫኑት የማይጎብጠው ቱቦው ነው። ብረቱ ከመካከል ወደ ዳር ስለወጣ ይጠነክራል። ሸንበቆ በነፋስ የማይሰበረው፣ የወፍ አጥንትም ባዶ ሆኖ የሚችለው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ሦስት ማእዘን ነው። አራት ስንጥር እንጨት ወስደህ ማእዘኖቹን በአንድ አንድ ምስማር ምታቸው። ገፋ ብታደርገው ይንጋደዳል። አሁን አንድ ስንጥር ከማእዘን ወደ ማእዘን አጋድመህ ምታበት። ምን ሆነ? አይነቃነቅም። አራት ማእዘኑ ወደ ሁለት ሦስት ማእዘን ተለወጠ፤ ሦስት ማእዘን ደግሞ ጎኑ ካልተሰበረ ቅርጹን አይለቅም። እንግዲህ ጋሪው ሲወዛወዝ ወፍራም ብረት ከመጨመር በፊት አንድ አጋዳሚ ቱቦ መበየድ ይሻላል።

8. በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ የመኪና መገጣጠም ሥራ አዲስ አይደለም። አምቼ የሚባለው ድርጅት በ1970 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የጣሊያን የጭነት መኪናዎችን ሲገጣጥም ቆይቷል። ኋላም በ2005 ሆላንድ ካር የሚባል ኩባንያ ተመሥርቶ ሞጆ ላይ የቤት መኪና ገጣጠመ። ለመኪናዎቹም አባይ፣ አዋሽ የመሳሰሉ የወንዞቻችንን ስም ሰጣቸው። ሕዝቡም በስሙ ደስ ብሎት ነበር። ነገር ግን ኩባንያው በ2013 ለኪሳራ ተዳረገ።

እዚህ ላይ በመሥራትና በመገጣጠም መካከል ያለውን ልዩነት እንለይ። መገጣጠም ማለት ሌላው የሠራውን ዕቃ አምጥቶ በቡሎን ማሰር ነው። ነውር የለውም፤ ሙያም ያስተምራል። ችግሩ ዕቃው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ከሆነ፣ ምንዛሪው ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ሥራው መቆሙ ነው። ከገዛው ዕቃ ጋር የራሱን የእጅ ሥራ በብዛት የሚያዋህድ ሰው ግን መያዣ አለው።

በዚህ ዓይን ስናየው በአገራችን ለሞርጋን የሚቀርበው ማነው? እኛ ጋሪ ሠሪው ነው እንላለን። ጎማውንና ኩሽኔታውን ከአሮጌ መኪና ይገዛል፤ አካሉን፣ አጣናውንና መቀመጫውን በእጁ ይሠራል። ሚዛን የሚባለውንም ትልቅ ምሥጢር ያውቃል። ሸክሙ ከጎማዎቹ ዘንግ ፊት ከበዛ የፈረሱን ጀርባ ይጫናል። ከኋላ ከበዛ ደግሞ ጋሪው ወደ ኋላ እየተንጋለለ የሆዱን ጠፍር ወደ ላይ ይስብበታል። ልክ የሚሆነው ሸክሙ በዘንጉ ላይ ሆኖ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ሲያዘነብል ነው። መኪና ሠሪ መሐንዲስም ቀን ከሌት የሚያስበው ይህንኑ ነው።

9. በማታ ክፍላችን የተነሣው ክርክር

ይህን ትምህርት ስናስተምር አንድ ክርክር ተነሣ። ከተማሪዎቻችን መካከል ጋሪ ሠሪ የሆኑ አንድ አባት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ብየዳ ይችላል። ልጁ፣ «አባዬ፣ ይስሙኝ። የጋሪ ዘመን እያለፈ ነው። ብድር እንውሰድና የዕቃ መጫኛ ባለ ሦስት እግር አካል በብዛት እንሥራ» አለ። አባትየው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ብድሩን የሚጠይቁት እኔን ነው» አሉት። ልጁም፣ «እሺ፣ ጋሪው የማይሸጥበት ቀን ሲመጣስ ምን እንበላለን?» ብሎ መለሰ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

እኛም ፍርድ ከመስጠት ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠየቅን። «ጋሼ፣ አንድ ጋሪ ስንት ይፈጅብዎታል?» እሳቸውም ብረቱንና ጎማውን ነገሩን። እንጨቱ፣ ኮላው፣ ኤሌክትሪኩና የሁለት ሰው የሥራ ቀን ግን አልተቆጠረም ነበር፤ የተጻፈ ነገር የለማ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በደብተር ላይ አራት ዓምድ አሰመረ። ቀን፣ የተገዛ ዕቃ፣ የሥራ ሰዓት፣ የተከፈለ ገንዘብ። ቀጥሎም የጋሪውን ብረቶች አንድ በአንድ በእህል ሚዛን መዘኗቸው። ከነዚህ መካከል ሁለት ድፍን ብረቶች በቱቦ ቢለወጡ ክብደቱም ወጪውም እንደሚቀንስ ልጁ አሳየ። አባትየውም ብረቶቹን አገላብጠው አዩና፣ «ይኼስ እውነት ነው» አሉ።

በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው። ጋሪው አይቆምም። የዕቃ መጫኛውን አካል ግን ልጁ አንድ ብቻ ናሙና ይሠራል፤ እሱም ግማሹን ዋጋ በቀብድ ለሚሰጥ ደንበኛ ነው። ብድሩ የሚታሰበው ሦስተኛው ደንበኛ ሲመጣ ነው። እንግዲህ ይህ ውሳኔ ሞርጋን በ1910 እና በ1963 ካየው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አንባቢ ያስተውል።

10. ማጠቃለያ

ከዚህ ንባብ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች እንይዛለን።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ናሙና፣ ቀጥሎ ብዛት።

ሁለተኛ፣ ራስህ የምትችለውን ሥራ፤ የማትችለውን ግዛ። ነገር ግን ሻጩ ያቆመ ቀን ከየት እንደምታመጣ ዛሬውኑ አስብ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር ስትሞክር አሮጌው እንጀራህን አትጣል።

አራተኛ፣ ክብደት ዋጋ አለው። ያለ ሥራ የሚቀመጥ ብረት በፈረስም በነዳጅም ይከፈልበታል።

አምስተኛ፣ መዝገብ ያዝ። ሞርጋን የየመኪናውን ሻንሲ ቁጥር በመዝገብ ሲጽፍ ስለኖረ፣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተሸጠ መኪና እንኳ መቼ እንደተሠራ ይታወቃል። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም፤ ወጪና ገቢን፣ ልክና ክብደትን፣ ቀብድና ውልን በእጃችን ጽፈን ለመያዝ ነው። በቃል የቀረ ሒሳብ ሠሪውን ከሸማቹም ከወንድሙም ያጣላል።

ያ ተማሪያችን «እስከ የት ልንደርስ ነው?» ብለው ለጠየቁት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ትልቁ ፋብሪካ የሚሠራውን ትንሹ ወርክሾፕ በብዛት ሊሠራው አይችልም፤ መሞከርም የለበትም። ትንሹ ወርክሾፕ የሚበልጠው ደንበኛውን በስሙ ስለሚያውቅ፣ የሠራውንም ዕቃ ደግሞ ስለሚያየውና ስለሚጠግነው ነው። በዚህ ላይ ሒሳብና ጽሕፈት ከጨመረበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሥራ ይሆናል።

የቃላት ፍቺ

ሻንሲ፦ የመኪናን ሞተር፣ ጎማና አካል የሚሸከም መሠረት
ባሌስትራ፦ በጎማና በሻንሲ መካከል ሆኖ ንዝረትን የሚያበርድ ተጣጣፊ ብረት
ላሜራ፦ ስስ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቆርቆሮ
ኩሽኔታ፦ ጎማ ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርግ ባለ ኳስ ቀለበት
ሞርሳ፦ ዕቃን አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ
ናሙና፦ ለማሳያና ለሙከራ የሚሠራ የመጀመሪያ ዕቃ
ቀብድ፦ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ ላይ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ሞርጋን በ1910 ያሳያት ተሽከርካሪ ብዙ ገዢ ያላገኘችው ለምንድን ነው?
2. ባጃጅ እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ለመገልበጥ የሚቀርበው ለምንድን ነው?
3. መሥራትና መገጣጠም በምን ይለያያሉ?

ለ. ሒሳብ።
1. አንድ መኪና 900 ኪሎ ይመዝናል፤ ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት አለው። ለአንድ የፈረስ ጉልበት ስንት ኪሎ ይደርሰዋል?
2. ከዚያ መኪና ላይ 180 ኪሎ ቢቀነስስ?

ሐ. በተግባር።
1. ከስንጥርና ከምስማር አራት ማእዘንና ሦስት ማእዘን ሥሩ። የትኛው እንደሚንጋደድ ለቤተሰባችሁ አሳዩ።
2. በምትሠሩት ሥራ የአንድ ሳምንት ወጪና ገቢ በአራት ዓምድ መዝግቡ።

መ. ለውይይት።
በክፍል 9 ከአባትና ከልጅ የማንን ሐሳብ ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉና በክፍል ውስጥ አንብቡ።